ከእጇ የተቀበልኩት ክኒን

ይህን ታሪክ ሙሉውን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለንስሐ አባቴ። እሳቸው "ጻፊው፤ እንዲህ የምታደርጊ አንቺ ብቻ አይደለሽም" ካሉኝ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ አቅማማሁ። አሁንም አፍራለሁ። ግን ይኸው።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። የጭልጋ ልጅ ነኝ፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባሌ እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች ሳሉግ ሆኖ ነበር የመጣው፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራውን የቀን ሠራተኛ በእኛ በኩል ሳሉግ እንለዋለን። እኔም ተከተልኩት። ሐዋታ አካባቢ ሰሊጥ ሲያጭድ ካላዛር የሚሉት በሽታ ያዘውና ሞተ። ልጃችን ማህሌት ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ አሳደግኋት። ጾሜን አላፈርስም፣ ጸሎቴን አላስታጉልም፣ ልጄንም ከዓይኔ አላርቅም ነበር። ከእሷ ሌላ የሥጋ ዘመድ የሚባል እዚህ አገር የለኝም።

ማህሌት አሥራ ሰባት ሲሞላት በግቢያችን ውስጥ ማዶ ያለችውን ክፍል ለተብርሃን ተከራየችው። ለተብርሃን ከሑመራ በኩል ጦርነቱን ሸሽታ፣ የድንበሩን ወንዝ ተሻግራ፣ በወድ ኤል ሒለው በኩል የገባች ነርስ ናት። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ በሳምንት አራት ቀን ትሠራለች፤ የቀረውን ቀን እዚሁ ነች። ሳቂታ ናት። ዓረብኛዋ ደግሞ ከመጣች በዓመቷ ከእኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ዓረብኛ በለጠ። የእኔ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ነገ ና፣ ከዚህ አያልፍም።

ልጄ በእኔ ቤት "እሺ" እና "አይ" ከማለት በቀር ብዙ አታወራም ነበር። እዚያ ማዶ ሄዳ ስትቀመጥ ምላሷ ይፈታል። ግማሹን በዓረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ታወራለች፤ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ ጆሮዬ ወደዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ራሷን ልሠራት ማበጠሪያና ቅባት ይዤ ብጠብቃት፣ ተሠርታ መጣች።

"ዩማ፣ ኻላስ፣ ሲስተር ሠርታኛለች" አለችኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች እናታቸውን ዩማ ነው የሚሉት፤ ኻላስም በቃ ማለት ነው።

"አምሮብሻል" አልኳት። አምሮባት ነበር፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

በዚያ ክረምት የኮሮና ክትባት ዘመቻ ሰፈራችን ደረሰ። ከሚከትቡት አንዷ ለተብርሃን ነበረች። እኔ አልፈለግሁም ነበር፤ ማህሌት ግን እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

"እትዬ ጥሩ፣ ክንድሽን ስጪኝ" አለች ለተብርሃን። "የእኔ መርፌ ከስፌት መኪናሽ መርፌ ይቀጥናል።"

"የእኔ መርፌ ሰው አይወጋም።"

"እስቲ ጨርቁን ጠይቂው።"

ማህሌት ሳቀች። ተሰልፈው የነበሩት ሴቶችም ሳቁ። እኔ አማተብኩና ፊቴን አዞርኩ። ተወጋሁ። ሁለት ቀን አተኮሰኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ወዲያው የፍልሰታ ጾም ገባ።

ከተከተብኩ አሥር ቀን ያህል ሲሆነኝ በግራ ጎኔ ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ የጋለ ዘይት እንደ ፈሰሰበት ያቃጥለኝ ጀመር። በማግስቱ ቀይ ሆኖ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ መቀነት ተከትሎ ወጣ። ቀሚሴ ሲነካው እሾህ ነው። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ ገልጣ አየችና "ሒዛም ናሪ" አለች፤ የእሳት ቀበቶ ማለቷ ነው። እኔ ግን በአገሬ ስሙ አወቅሁት፤ አልማዝ ባለጭራ። ጭራው ወገብ ዞሮ ከራሱ ጋር ከተገናኘ ሰው ይገድላል ሲባል ነው ያደግሁት። በመስታወት እያየሁ ከጀርባዬ ስንት ስንዝር እንደቀረው ለካሁ።

ለተብርሃን ስትሰማ አላስቀመጠችኝም። ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ ማህሌት ከመሐላችን ተቀመጠች። ሐኪሙ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ የሚለውን ለተብርሃን ታስተረጉማለች።

"በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል ወይ ይላል።"

"ወጥቶብኛል።"

"በሽታው ያኔ አልሄደም። ነርቭ ሥር ተኝቶ ነበር፤ አሁን ነቃ።"

"ክትባቱ ነው ያስነሣብኝ?" አልኩ፤ ዓይኔን ከእሷ ሳላነሣ።

ጠየቀችው። ፊቷ አልተለወጠም። "ከክትባት በኋላ የመጣ ሁሉ ከክትባት ነው ማለት አይቻልም ይላል። ድካምም፣ ዕድሜም፣ ጭንቀትም ያነቃዋል። የአንቺን የቱ እንዳነቃው እሱም አያውቅም። ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል የሚባለው ግን ተረት ነው።"

እኔ ግን በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። የወጋችኝ እሷ ናት፤ የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ደግሞ እሷ ትከሻ ላይ ተደግፋ የሐኪሙን አፍ ታያለች።

የታዘዘልኝ ክኒን በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ነው። ሐኪሙ ሦስት ጣቱን አሳየኝ፤ ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጀመረ፣ ቁስሉ ቢደርቅ እንኳ ሕመሙ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመት ሊከተለኝ ይችላል። ለተብርሃን ሰዓቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ለማህሌት ሰጠቻት፤ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አራት።

"ሦስቱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው" አልኩ። "ጾም ነው።"

"ለታመመ ሰው እኮ ይፈቀዳል፣ እትዬ ጥሩ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።"

"ጠይቄአለሁ" አልኩ። "ቻይው፤ ከዘጠኝ በፊት አፍሽ እንዳይነካ ብለውኛል።"

አልጠየቅኋቸውም ነበር። ካየኋቸውም ሳምንት አልፎኛል። በካህን ስም ዋሸሁ፤ ደግሞ በፍልሰታ።

የማታዎቹን ሁለቱን ማህሌት በውኃ ታመጣልኛለች። እቀበላለሁ፣ አፌ ላይ አደርጋለሁ፣ ፊቷን ስታዞር አውጥቼ የውዳሴ ማርያሜ ማኅደር ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ ጸበሌን እጠጣለሁ።

ለምን እንዳደረግሁት ያኔ ብትጠይቁኝ "በእምነቴ" እላችሁ ነበር። እምነት አልነበረም። በዚያ ክኒን ብድን ልጄ ዕድሜ ልኳን "ሲስተር ናት ያዳነችሽ" ትለኛለች፤ ይህን ነው መሸከም ያቃተኝ። በጸበሉ ብድን ግን ለእግዚአብሔር ነው ምስጋናው፤ ለእሷ የሚደርሳት ነገር የለም። ፈጣሪን ከጎረቤቴ ጋር ለያዝኩት ፉክክር መሣሪያ አደረግሁት። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ሕመሙ ጸና። መኪናዬን መርገጥ ተውኩ፤ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ጎኔን በሽቦ ይጎትተዋል። በሦስተኛው ቀን ለተብርሃን አራት ትንንሽ ክኒን የያዘ ቁራጭ ይዛ መጣች።

"ይህ ለነርቭ ሕመሙ ነው። ሐኪሙን በስልክ አማክሬዋለሁ። ማታ ማታ አንድ፤ እንቅልፍም ይሰጥሻል፣ አፍሽን ትንሽ ያደርቀዋል። ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ያልፋል።"

የቀረውን ለማህሌት በዓረብኛ ነገረቻት፤ ረጅም ነገር። ማህሌት ራሷን ነቀነቀች።

"ምን አለችሽ?" አልኩ ስትወጣ።

"ምንም። ተከታተያት ነው ያለችኝ።"

ተከታተያት። ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከሕመሙ ጋር ተጋግዞ አላስተኛኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ማህሌት ማዶ ስትሄድ ጠብቄ፣ ጎኔን በነጠላ ደግፌ፣ የክኒኑን ቁራጭ በመዳፌ ጨብጬ፣ ጥግ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ቁራጩን ገለባብጦ አየው።

"ይህ የለንም" አለኝ። "ከተማው ውስጥም ጠፍቷል።"

"ለምንድን ነው የሚሰጠው?" አልኩት በገበያ ዓረብኛዬ።

ጣቱን ወደ ግንባሩ አነሣና አዞረው። "ለመጃኒን" አለ፣ ፈገግ ብሎ።

መጃኒን ማለት እብዶች ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የገበያ ዓረብኛ ይበቃል።

የተመለስኩበትን መንገድ አላስታውስም። ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ በመርፌ አሳመመችኝ፣ አሁን ደግሞ በክኒን ታሳብደኛለች፣ ያበደች እናት ልጇን አታሳድግም፣ ልጂቱም ለእሷ ትቀራለች። "ተከታተያት" ያለቻት ለዚህ ነው። ግቢው ውስጥ ስገባ ሁለቱ ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። የማህሌት ራስ ለተብርሃን ጉልበት ላይ ነው፤ ግማሹ ተሠርቷል።

ቁራጩን ከፊታቸው ወረወርኩት።

"እንኪ የእብድ መድኃኒትሽን" አልኩ።

ማህሌት ብድግ አለች። ለተብርሃን ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች።

"ማን አለሽ?"

"የሚያውቅ ሰው። ለእብድ ነው አለኝ። ልጄን ለመውሰድ እኔን ማሳበድ አያስፈልግሽም፤ ጠጉሯን እየሠራሽ ይኸው ወስደሻታል።"

"ዩማ!" አለች ማህሌት።

"ዝም በይ አንቺ። አሁንስ ማን ዩማሽ እንደሆነ አላውቅም።"

ለተብርሃን ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት የግቢው በር ተንኳኳና የንስሐ አባቴ ገቡ። ከቅዳሴ መውጣታቸው ነው፤ መስቀላቸውንና በጠርሙስ ጸበል ይዘዋል። በጾሙ ኪዳን ላይ ስላጡኝ ሰው ጠይቀው መታመሜን ሰምተዋል። ሦስታችንም መስቀል ተሳለምን። ሐጃ ዘይነብ በአጥሩ ላይ ወንበር አቀበለችን። የመጡበት ቤት ጠብ ላይ መሆኑን አላወቁም፤ ወይም አውቀው ዝም አሉ።

"አልማዝ ባለጭራ ነው አሉኝ፣ ልጄ። ይበርታሽ። ሐኪም አየሽ?"

"አይቶኛል፣ አባቴ።"

"ተመስገን። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትወስጂው። ጠዋት አንድ ነገር ቅመሽበት፤ ለታመመ ሰው ነው የተፈቀደው።"

ማህሌት ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ዞረች።

"አባ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳትውጥ የከለከሏት እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ? ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

 እሳቸው ፊቴን አዩና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። እንደማስበው ሊያተርፉኝ ፈልገው፣ "መጽሐፌን ቤተ ክርስቲያን ትቼዋለሁ፤ ውዳሴ ማርያምሽን አምጪልኝ፣ ትንሽ ልድገምልሽ" አሉ።

"እኔ ላምጣው" ብዬ ለመነሣት ሞከርኩ። ጎኔን ያዘኝና ግማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ማህሌት ገብታለች።

ማኅደሩን በማንገቻው ይዛ ስትወጣ አየሁ። ክዳኑን አላሰርኩትም ነበር። መጽሐፉን ስትስበው ክኒኖቹ ተከትለው ወጡ፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ነጭ በነጭ፣ ምንጣፉ ላይ ተበተኑ። አንዱ ተንከባልሎ የካህኑ እግር ሥር ሄደ።

ማህሌት ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ከሁሉ በፊት የገባት እሷ ናት።

"አንድም አልዋጥሽም" አለች።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

"አንድም! እኔ ሰዓት እየጠበቅሁ፣ ውኃ እያመጣሁ... ብትሞቺስ? ኣና ዐንዲ ሚኑ?"

ማን አለኝ ማለቷ ነው። ያንን ዓረብኛ ማንም ሳይተረጉምልኝ ሰማሁት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ልጄ ትሄድብኛለች ብዬ ስፈራ፣ እኔ እሄድባታለሁ ብላ የምትፈራ ሰው ከጎኔ እንደምትተኛ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ማህሌት እያለቀሰች ወደ ለተብርሃን ክፍል ሄደች። ለተብርሃን ቀድማት በሩ ላይ ቆመች።

"እዚህ አትገቢም።"

"ሲስተር..."

"የእኔ ቤት እናቱን ያኮረፈ የሚገባበት ቤት አይደለም። እዚያ ቁጭ በይ።"

ልጄ በግማሽ ሹሩባዋ ግቢው መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለተብርሃን ወደ እኔ መጣች። ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ድምፅዋ አይጮህም፣ ይወርዳል። የወረወርኩትን ቁራጭ አንሥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

"ይህን ማን እንደሚወስደው ልንገርሽ፣ እትዬ ጥሩ። እኔ። ወንዙን ከተሻገርኩ ጀምሮ ማታ ማታ። መጠኑ ሲበዛ ለጭንቀት ይሰጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ለነርቭ ሕመም ይሆናል። ከተማው ውስጥ ጠፋ፤ አንቺ ስታቃስቺ ከማዶ እሰማለሁ፤ ከራሴ ቆርጬ ሰጠሁሽ። ለማህሌት በዓረብኛ የነገርኳት ሲያዞራት ደግፊያት ብዬ ነው፤ በአማርኛ ያልነገርኩሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው። እሱ ጥፋቴ ነው። በይ እብድ ነሽ በይኝ።"

አላልኳትም። ቀና ብዬም ላያት አልቻልኩም።

የንስሐ አባቴ ሁለቱንም ከግቢው ራቅ አድርገው እኔን አናዘዙኝ። ውሸቱን ነገርኳቸው፤ ክኒኑን ነገርኳቸው። ቅናቱን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ እሳቸው ግን ጠበቁኝ፣ እሱንም አወጣሁት። በቀኖና ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጎኔን እያሰብኩ ፈራሁ።

"መስገድ አትችይም" አሉኝ። "ምጽዋት ስጪ እንዳልልሽም እሱ ለአንቺ ይቀልሻል። ቀኖናሽ ይህ ነው። እስክትድኚ ድረስ ማታ ማታ ወደዚያች ሴት በር ትሄጃለሽ። ክኒኑን ከእጇ ትቀበያለሽ፣ ፊት ለፊቷ ትውጪዋለሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትያለሽ። ልጅሽ ይዛልሽ እንዳትመጣ።"

ከሺህ ስግደት ይከብድ ነበር።

ለተብርሃን ለሐኪሙ ደወለች፤ አዲስ ሽፍታ ገና እየወጣ ስለነበር አሁንም ጀምሪው አለ። ከምንጣፉ የተለቀመው ተጥሎ ሌላ ተገዛልኝ፣ ጠዋትም ቅመሽ ተብዬ ቀመስኩ። ማታ ደግሞ ግቢውን ተሻገርኩ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች፣ ክኒኑን ከቁራጩ ገፍታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ ውኃ ሰጠችኝ። ዋጥኩ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ።

"ምላስሽን አንሺ" አለችኝ።

አነሣሁ። አፌን ጎንበስ ብላ መረመረችና፣ "ጥሩ። አፍሽ ውስጥ ማኅደር የለም" አለች። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ስስቅ ጎኔ ወጋኝና ግድግዳዋን ያዝኩ።

በየማታው ሄድኩ። ሳምንት ቆሜ ዋጥኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት "ተቀመጪ እንጂ" አለችኝ። ስለ ወንዙ የነገረችኝ ተቀምጬ ነው፤ እሱን ግን የነገረችኝ ለእኔ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ማህሌት ከእኔ ጋር በደንብ ለማውራት ብዙ ቀን ፈጀባት። አልገፋኋትም።

አሁን ስለ ሕመሙ ልንገራችሁ። ቁስሉ በወሩ ደረቀ። ሕመሙ ግን ሐኪሙ እንዳለው ተከተለኝ፤ ለተብርሃን ከራሷ እያካፈለች የሰጠችኝ ትንሿ ክኒን ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ አቀዘቀዘችው እንጂ አልነቀለችውም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወሰደብኝ። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ግራ ጎኔ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ አለች፤ ነጠላ እንኳ አላስነካትም። በጊዜው ብውጥ ይህ ይቀርልኝ ነበር ወይ? ማንም በእርግጥ አይነግረኝም። አለመዋጤን ግን እኔ በእርግጥ አውቃለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ ሴቶች፣ ይልቁንም በሰው አገር አንድ ልጅ ይዛችሁ የምትኖሩ፣ ጾማችሁን ጹሙ፤ እኔም እጾማለሁ። ሲያማችሁ ግን የንስሐ አባታችሁን በእውነት ጠይቁ፤ እኔ እንዳደረግሁት ያልተናገሩትን በአፋቸው አታኑሩ። ጸበሉም ይጠጣ፣ ክኒኑም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የክኒኑ ነገር ካልገባችሁ የሰጣችሁን ሰው ፊት ለፊት ጠይቁት እንጂ በመንገድ ያገኛችሁትን አትጠይቁ። ይህን ሁሉ ሳታደርጉ ስትቀሩ ደግሞ ቆም በሉና ከማን ጋር እንደተጣላችሁ እዩ።

ቅናቱስ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ፣ በፍልሰታ ዋሽቼአለሁና ዛሬ አልዋሽም። አልለቀቀኝም። የሱዳኖቹ የራሳቸው ጦርነት ካርቱም ላይ ከተነሣ በኋላ ለተብርሃን የምትሠራበት ክሊኒክ ተዘጋና ወደ ከሰላ ሄደች። ማህሌት እዚሁ ነርስነት ትማራለች። ባለፈው ሳምንት የዓመቱን ፈተና ማለፏን ሰማች። ከውጭ እየሮጠች ገብታ፣ እኔ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እያየኋት፣ ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ የደወለችው ለእሷ ነው። በዓረብኛ አወሩ፣ ተሳሳቁ። ያቺ የጎኔ ቦታ ስትሞቅ ይታወቀኛል።

እጄን ዘረጋሁ። ማህሌት ትንሽ አመነታችና ስልኩን ሰጠችኝ።

"ለተብርሃን" አልኩ፣ "እንኳን ደስ አለሽ። ልጅሽ አለፈች።"